መጥረቢያው የማን ነው? ስለ ኑሮና ባህል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰዎች ማንን እንደሚያከብሩ፣ ከማን እንደሚጋቡ፣ ምን እንደሚያምኑ ማወቅ ከፈለግን በምን እንደሚተዳደሩም መጠየቅ አለብን። የሰውን ልጅ ኑሮና ባህል የሚያጠናው አንትሮፖሎጂ ይህን ጥያቄ ሲያነሳ ሲጥል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንቸኩላለን።

«መሬቱና አየሩ ባህሉን ይወስነዋል»

እንዲህ ቢሆን ኖሮ አንድ ምድር ላይ ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ኑሮ በኖሩ ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ በአሪዞና ደረቅ ምድር፣ ሆፒዎችና ናቫሆዎች ጎረቤታሞች ናቸው። ድርቁም ያው፣ ሰማዩም ያው። ሆፒዎች ግን ተጠጋግተው በተሠሩ የድንጋይ ቤቶች እየኖሩ ለብዙ መቶ ዓመታት በቆሎ ሲያለሙ ቆይተዋል። ናቫሆዎች ደግሞ ስፔኖች ያመጡትን በግ ካገኙ በኋላ መንጋቸውን ይዘው ተራርቀው ሰፈሩ። ምድሩ የማይቻለውን ይከለክላል። ከሚቻለው ውስጥ የትኛው እንደሚመረጥ ግን ታሪክም፣ ጎረቤትም፣ በአጋጣሚ የተገኘ እንስሳም ድርሻ አላቸው።

«አድነውና ለቅመው የሚበሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምግብ ፍለጋ ሲባዝኑ ይውላሉ፤ ደግሞም ሁሉም እኩል ናቸው»

ሁለት ስህተት በአንድ ላይ። አንትሮፖሎጂስቱ ሪቻርድ ሊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ በስተደቡብ ባለው ካላሃሪ በረሃ ውስጥ አድነውና ለቅመው የሚኖሩትን የኩንግ ሰዎችን የሥራ ሰዓት ቆጠረ። ምግብ ፍለጋ ላይ የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያነሰ ነበር። ይህ ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ሲጠቀስ ግን ደስ አይለኝም። ምግብ ማዘጋጀቱ፣ መሣሪያ መጠገኑና የቤት ሥራው ሲደመር ከ40 ሰዓት ያልፋል።

እኩልነቱስ? በሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እህል ሳያርሱ መኳንንትም ባሪያም ነበሯቸው። ሳልሞን የተባለው ዓሣ በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ ወንዙን በገፍ ይሞላዋል። ዓሣው ይደርቃል፣ ለብርዱ ወራት ይቀመጣል። የሚከማች ነገር ሲኖር ጥያቄው ጎተራውን ማን ይዞታል ወደሚል ይዞራል።

«ማርክስ ሁሉን የሚወስነው ኢኮኖሚ ብቻ ነው ብሏል»

አላለም። የማርክስ የሥራ አጋር የነበረው ኤንግልስ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ለጆሴፍ ብሎህ በጻፈው ደብዳቤ እሱም ሆነ ማርክስ እንዲህ ብለው እንደማያውቁ በግልጽ አስቀምጧል። በእሱ አባባል ዞሮ ዞሮ የኑሮ ምርት ወሳኝ ነው፤ ሕግ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ ግን የራሳቸውን ጫና ያሳድራሉ። ወጣት ተከታዮቻቸው ለኢኮኖሚው ከልክ ያለፈ ክብደት መስጠታቸውም በከፊል የእሱና የማርክስ ጥፋት እንደሆነ አምኗል።

«ዕቃ ዕቃ ነው፤ የተሻለ መሣሪያ ሥራ ያቀልላል እንጂ ማኅበረሰብን አይነካም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአውስትራሊያ ኬፕ ዮርክ የሚኖሩት ዪር ዮሮንቶች መጥረቢያቸው የድንጋይ ነበር። ድንጋዩ በአካባቢያቸው የለም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቅ ከደቡብ፣ በልውውጥ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ነው የሚደርሳቸው። በምትኩ ጫፉ ላይ የባሕር ዓሣ እሾህ የታሰረበት ጦር ይሄዳል። መጥረቢያውን የሚሠራውም የሚይዘውም ጎልማሳ ወንድ ነው። አብዝተው የሚጠቀሙበት ግን ሴቶች ናቸው፣ በተለይ ማገዶ ለመፍለጥ። ስለዚህ ሚስት ከባሏ ትዋሳለች፣ ታናሽ ከታላቁ ይዋሳል። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። በተዋሱ ቁጥር ታላቁ ማን፣ ታናሹ ማን እንደሆነ ይታወሳል።

ከዚያ ሚሲዮናውያን የብረት መጥረቢያ ማደል ጀመሩ። ለሴቶችም፣ ለወጣቶችም። ሚሲዮኑን በጥርጣሬ የሚያዩት ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ቆዩ። አንትሮፖሎጂስቱ ሎሪስተን ሻርፕ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አብሯቸው ኖሮ የታዘበው ይህንን ነው፦ ሽማግሌው መጥረቢያ ሲያስፈልገው ከሴቶችና ከልጆች መዋስ ያዘ። ድንጋይ ያቀብሏቸው የነበሩት የሩቅ ወዳጆችም እንደ ድሮው አላስፈለጉም። የድንጋዩ መጥረቢያ የአንድ ጎሳ መሆኑ የታወቀ፣ አመጣጡም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚተረክ ነበር። የብረቱ ግን የየትኛው ጎሳ እንደሆነ የሚናገር ተረት አልነበረውም።