ኩላሊት በቢራ አይታጠብም

ስለ ኩላሊት ስናወራ ከአፋችን የማይጠፉ ጥቂት አባባሎች አሉ።

«ኩላሊት ቆሻሻውን ብቻ ለይቶ ያወጣል።»

እንዲያውም መጀመሪያ የሚያወጣው ጥሩውንም መጥፎውንም ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ፣ ደም የሚያጣሩ በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። ደም ግሎሜሩለስ ወደሚባለው የቀጫጭን ደም ስሮች ጉንጉን ሲገባ፣ የራሱ ግፊት ውሃውንና የሟሙትን ጥቃቅን ነገሮች ገፍቶ ያስወጣል። የደም ሴሎችና ትልልቅ ፕሮቲኖች አያልፉም። ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣው ቆሻሻ፣ ዩሪያ፣ ግን ያልፋል፤ ስኳርም፣ ጨውም ያልፋሉ። በቀን 180 ሊትር ገደማ! ይህ ሁሉ ቢሸና ኖሮ የደማችን ፈሳሽ ክፍል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባለቀ ነበር።

ትልቁ ሥራ መመለሱ ነው። ፈሳሹ በኔፍሮኑ ቱቦ ሲጓዝ የቱቦው ሴሎች የሚፈለገውን እየለቀሙ ወደ ደም ይመልሱታል። ከውሃው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የቱቦው መጀመሪያ ላይ ይመለሳል። ስኳሩ በጤናማ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። የስኳር ሕመምተኛ ሽንት ውስጥ ስኳር የሚገኘው ከሴሎቹ የመልቀም አቅም በላይ ሲሆን ነው። በተቃራኒው አሲድ፣ ፖታሲየምና ብዙ መድኃኒቶች ከደም ወደ ቱቦው ይጨመራሉ። በመጨረሻ የሚቀረው 1.5 ሊትር ገደማ ሽንት ነው።

«ቢራ ኩላሊት ያጥባል።»

ይቺ የጠጪዎች ተወዳጅ ናት። ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ቱቦውን «ውሃ መልስ» ይለዋል። አልኮል ይህን ሆርሞን ይቀንሰዋል። ስለዚህ መመለስ የነበረበት ውሃ ይሸናል። ሽንት ቤት መመላለሱ ከዚህ ነው፤ የጠዋቱም ጥማት እንደዚያው። ኔፍሮን ውስጥ በቢራ የሚታጠብ ዝቃጭ የለም።

«ሽንቴ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ኩላሊቴ ደህና ነው።»

ቀለሙ በአብዛኛው የሚናገረው ምን ያህል ውሃ እንደጠጣን ነው። ማጣሪያው ሲጎዳ የሚያመልጠው ትንሽ ፕሮቲን በዓይን አይታይም። ደግሞም የደከመ ኩላሊት ውሃውን መልሶ ሽንትን ማወፈር ያቅተዋል። የጠራና ብዙ ሽንት፣ በተለይ ሌሊት እየቀሰቀሰ የሚያስነሳ፣ አንዳንዴ የሕመም ምልክት ነው።

«ወገቤን አሞኛል፤ ኩላሊቴ ነው።»

ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ከሆነ፣ አዎ። አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን ከጡንቻና ከአከርካሪ ነው። ኔፍሮኖች ሲሞቱ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። የሞተውን የሚተካ አዲስ ኔፍሮን አይበቅልም፤ የተረፉት ሥራውን ስለሚሸፍኑ ጉዳቱ ለዓመታት ላይታወቅ ይችላል። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ምንም ሳያመው በዓመት አንዴ የደም ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው የጡንቻ ቆሻሻ) እና የሽንት አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ምርመራ ያድርግ የሚባለው ለዚህ ነው።