የቼዝ ፕሮግራም «+1.5» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዙ ሰው «ነጭ በአንድ ወታደር ተኩል ይበልጣል» ብሎ ያነበዋል። ድሮ ያስኬድ ነበር። ስቶክፊሽ ከሚባለው የቼዝ ፕሮግራም ስሪት 15.1 ወዲህ ግን +1.0 ማለት ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ያውም ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር ሲጫወት እንጂ እኔና እናንተ ስንጫወት አይደለም።

ቁጥሩ የሚወጣው ከፍለጋና ከግምገማ ነው። ፍለጋው በሰከንድ ሚሊዮን አቀማመጦችን ያያል፤ ፍለጋው ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ዋጋ የሚሰጠው ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌዎች የተማረ ሥርዓት) ነው። ቀድሞ «የተደራረበ ወታደር (በአንድ መስመር ፊትና ኋላ የቆመ) ይህን ያህል ይቀንሳል» የሚለውን ሰው በእጁ ይጽፍለት ነበር። አሁን «መሃሉን ያዝ» የሚል ደንብ ኮዱ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም፤ መሃሉን ግን ይይዛል።

ታዲያ ገብቶታል? ሥራውን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም ባይ ነኝ። ነጭ ንጉሥ፣ በነጭ ካሬ የሚሄድ ቢሾፕና በኤች መስመር ላይ አንድ ወታደር አለው እንበል፤ የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ላይ ተቀምጧል። ኤች8 ጥቁር ካሬ ስለሆነ ቢሾፑ ከዚያ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ አቻ ነው። ይህን ጀማሪም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳችኋል። ቁሳቁስ የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ልዩ ደንብ ወይም የመጨረሻ ጨዋታ ሰንጠረዥ (ጥቂት ቁራጮች ብቻ የቀሩባቸው አቀማመጦች ውጤት የተመዘገበበት) ካልተሰጠው ነጭ እያሸነፈ ነው ይላል።

በተዘጋ አቀማመጥም የፍለጋው ጥልቀት (ወደፊት የሚያየው የእርምጃ ብዛት) ከ20 ወደ 40 አድጎ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ምሽግ ጠርጥሩ፤ ማለትም ደካማው ወገን ሊሰበር የማይችል መከላከያ ይዟል። የሚመክረውን መስመር አሥር እርምጃ ያህል ተጫወቱት፤ ሩኩ ወዲያ ወዲህ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ያ «+2» ባዶ ነው።