ባንዳ ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛ ሰውን ከሚያዋርዱ ስሞች "ባንዳ"ን የሚያህል የለም። ሰው በሌብነት ቢታማ ይክሳል፣ ይታረቃል። ባንዳ ከተባለ ግን ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ጭፍራ፣ የታጣቂ ቡድን ማለት ነው። በራሱ ነውር የለበትም። ጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ በኋላ ወደ ደጋው ሲወጡ፣ የአገሩን ባላባቶች ከነተከታዮቻቸው በደመወዝ ያዙ። አስካሪ የሚባለው ያገሩ ሰው በጣሊያን ጦር ውስጥ መደበኛ ወታደር ነበር፤ ባንዳው ግን አልነበረም። በአለቃው ሥር ያድራል። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ሰዉን ያውቃል። ጠላት የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ቃሉ ምሬት የተሞላው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። አርበኛው ዱር ሲገባ ዱካውን እያነፈነፈ ጣሊያንን የሚመራው፣ ስንቅ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ የሚጠቁመው ያገሩ ሰው ነበር። ፈረንጁማ ከማዶ ሲመጣ ይታያል። "ለጠላት ያደረ" እና "ሆድ አደር" የሚባሉትም ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን "የእናት ጡት ነካሽ" የሚለው አነጋገር ነው። አገር እናት ናት። ነካሹም ባዕድ አይደለም፤ ጥርስ ያወጣው በእሷው ወተት ነው።

ያም ሆኖ በጣሊያን ዘመን ከተማ የተቀመጠ ሁሉ ባንዳ አልተባለም። ከተማ ሆኖ አርበኛውን በስውር ለሚረዳ ሰው ሕዝቡ "የውስጥ አርበኛ" የሚል ስም ነበረው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ሆነው ዱር ላሉት አርበኞች ስንቅና መረጃ ያቀብሉ ነበር። ተይዘውም ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ሚዛኑ የሰውየው ሥራ ነበር።

አሁን ፌስቡክ ላይ ሐሳቡ ያልጣመን ሁሉ ባንዳ ነው። ይባስ ብሎ "የባንዳ ልጅ" ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ክህደት በዘር አይወርድም። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ለጣሊያን ገባ። ቅድመ አያቱ ግን በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ለአገራቸው የወደቁት አፄ ዮሐንስ ናቸው። ታዲያ ደሙ ምን አደረገለት?

በተቃራኒው ደጃዝማች ባህታ ሐጎስን እንይ። በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ለጣሊያን አድረው፣ የጣሊያን ሹም ሆነው ኖረዋል። የገበሬው መሬት ለጣሊያን ሰፋሪ መነጠቁን ሲያዩ ግን በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ሰገነይቲ ላይ ተነሡ። የጣሊያኑን ሹም አሰሩ፣ የቴሌግራፉን ሽቦ በጠሱ። በዚያው ወር ሐላይ ላይ ሲዋጉ ወደቁ።