ኦክዜቲክ ስለሆነ ብቻ ግጭት አይውጥም

ታጥፎ የሚዘረጋ ማያያዣ የሚነድፉ ተማሪዎችን ፕሮጀክት ባረምኩ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጠብቀኛለች፤ «ማያያዣው ኦክዜቲክ ስለሆነ የግጭት ጉልበት በደንብ ይውጣል።» ቀይ እስክሪብቶ የሚጨርስብኝ ይህ ነው።

ኦክዜቲክ የሚባለው ሲጎትቱት ጎኑ የሚሰፋ፣ ሲጫኑት ደግሞ ጎኑ የሚሰበሰብ ነገር ነው። ስለ እሱ ከሚነገሩት ስህተቶች ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ኦክዜቲክ የቁስ ዓይነት ነው።» አይደለም፣ በአብዛኛው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ያው አሉሚኒየም በተራ የማር እንጀራ ቅርጽ ሲሠራ አይሆንም፤ የክፍሎቹ ጎን ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይሆናል።

«የትናንት ግኝት ነው።» ተመራማሪው ሮድሪክ ሌክስ ስለ ኦክዜቲክ ስፖንጅ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

«ኦክዜቲክ ሚስማር ምንጊዜም አጥብቆ ይይዛል።» ሐሳቡ ያምራል፤ ሲመቱት ቀጥኖ ይገባል፣ ሲነቅሉት ወፍሮ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የእንጨት ሙከራ ግን ሁልጊዜ ከተራው እንደማይበልጥ አሳይቷል።

አሁን ወደ ዋናው። የተዋጠ ጉልበት ማለት በጫናና በመጨመቅ ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ነው። እሱን የሚወስኑት የግድግዳው ውፍረት፣ ቁሱ ሳይሰበር የሚታጠፈው መጠንና ክፍተቱ እስኪደፈን ያለው ርቀት ናቸው። ቁሱ ወደ ተመታው ቦታ መሰብሰቡ ሊያግዝ ይችላል፤ ክፍተቱ ከተደፈነ በኋላ ግን ጫናው ያሻቅባል፣ ያኔ ማያያዣው ድንጋይ ነው።

አንድ ተማሪዬ በስሪ ዲ ፕሪንተር የሠራውን ኦክዜቲክ ማያያዣ ይዞ መጣ። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ልብ ይማርካል። 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ለቀቅንበት፤ ስብርባሪውን ከወንበር ሥር ለቀምን። የተሰነጠቀው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። በቀላሉ እንዲታጠፉ ብሎ አቅጥኗቸው ነበር፣ ዱላው ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው! ለመዘርጋት ማዕዘኑ መለስለስና መመለስ አለበት፤ ግጭት ለመዋጥ ደግሞ መቋቋምና ተጣምሞ መቅረት።

የአፖሎ የጨረቃ ማረፊያ እግሮች ይህን ፈትተውታል። ታጥፈው ተጓዙ፣ በስፕሪንግ ተዘረጉ፣ ተቆለፉ። የማረፊያውን ግጭት እንዲውጥ የተቀመጠው ሌላ ክፍል ነው፤ በእግሮቹ ዘንጎች ውስጥ የነበረ፣ አንዴ ተጨፍልቆ የሚቀር የአሉሚኒየም የማር እንጀራ። ተራው!

ስለዚህ ልጆች፣ መጀመሪያ መቆለፊያውን ሣሉ። ከተቆለፈ በኋላ ጫናው በማጠፊያው ሳይሆን በሌላ ግድግዳ ይውረድ፤ የማዕዘኑን ውስጠኛ ጥግ ክብ አድርጉት፤ የሚሰባበር ፕላስቲክ ለመልክ ማሳያ ብቻ ይሁን። «ይውጣል» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ከዚያው ቁስ፣ በዚያው ክብደት ተራ የማር እንጀራ ሠርታችሁ ጎን ለጎን ጨፍልቁና ሁለቱን ግራፍ አምጡልኝ።