የ10ኛ ክፍል ሒሳብ በጎጃም፦ ተማሪን ምን ይጠብቀዋል?

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። 10ኛ ክፍል ሁለተኛው ዓመት ሲሆን አልጀብራ «ኤክስን ፈልግ» ከሚለው ሥራ ወጥቶ ፈንክሽንን ወደ ማጥናት የሚሻገረው በዚህ ዓመት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ቢማሩት መጽሐፉ አንድ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7 ምዕራፎች አሉት። ሪሌሽንና ፈንክሽን፣ ፖሊኖሚያል ፈንክሽን፣ ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ክብ፣ ጠጣር ቅርጾች፣ በመጨረሻም ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ንጹሕ አልጀብራ ናቸው። የቀሩትም ያለ አልጀብራ አይራመዱም።

ቀድሞ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ ዓመቱን እንደ መተላለፊያ የሚያዩ ተማሪዎችና ወላጆች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ዋጋ ያስከፍላል። የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ የሚመጣው ወዲያው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሒሳብ እስከ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድረስ ይከተላል። የ11ኛ ክፍል መምህር ፖሊኖሚያል ማካፈልን እንደገና አያስተምርም፤ ታውቁታላችሁ ብሎ ያልፋል።

ክፍሉ ምን ይመስላል? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስም ተጠርቶ፣ የቤት ሥራ ታይቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ ለአዲሱ ትምህርት የሚተርፈው 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። በከተማ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪ መቀመጡ የተለመደ ስለሆነ መምህሩ የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ሊያይ አይችልም። አንድ ስህተት ሳይታረም ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ለሒሳብ ሁለት ደብተር መያዝ ይበጃል፦ አንዱ ለማስታወሻ፣ ሌላው ባለ ካሬ ሆኖ ለግራፍና ለመልመጃ። ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተርና እርሳስ የግድ ናቸው። ካልኩሌተር ግን በብሔራዊ ፈተና ስለማይፈቀድ ከአሁኑ አለመለመዱ ይሻላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ቀላል ይመስላል። ሪሌሽን የጥንዶች ስብስብ ነው፤ ፈንክሽን ደግሞ እያንዳንዱ የመጀመሪያ አባል አንድ ጓደኛ ብቻ ያለው ሪሌሽን ነው። በግራፍ ሲታይ፣ የትኛውም ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ግራፉን ከአንድ ቦታ በላይ ከነካው ፈንክሽን አይደለም። እዚህ የሚያሰናክለው አጻጻፉ ነው። «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» የሚለውን ብዙ ተማሪ ኤፍ ሲባዛ በኤክስ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ የ5ን ዋጋ ሲጠየቅ 5 = 2 + 3 ነው ብሎ የ2ንና የ3ን ዋጋ ፈልጎ ይደምራል። ፈንክሽኑ «ቁጥሩን በራሱ አባዛ» የሚል ከሆነ የ5 ዋጋ 25 ነው፤ የ2ና የ3 ድምር ግን 4 + 9 = 13 ነው። ይህን አንድ ጊዜ በቁጥር የሞከረ ተማሪ አይረሳውም።

ፖሊኖሚያል፣ ማለትም እንደ ኤክስ²ና ኤክስ³ ያሉት በቁጥር እየተባዙ የሚደመሩበት አገላለጽ፣ የዓመቱ ወገብ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠውም ይገባል። ሥራው በአብዛኛው አንድ ነው፦ ትልቁን ፖሊኖሚያል ወደ ትናንሽ ፋክተሮች መበተን። ኤክስ³ − 4ኤክስ² + ኤክስ + 6 ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው እርምጃ የመጨረሻውን ቁጥር 6ን የሚያካፍሉትን መጻፍ ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 6 እና ኔጋቲቮቻቸው። የመጀመሪያው ኮኤፊሸንት (ከኤክስ³ ፊት ያለው ቁጥር) 1 ስለሆነ ሙሉ ቁጥርም ሆነ ክፍልፋይ የሆነ ዜሮ፣ ማለትም በኤክስ ቦታ ሲተካ ውጤቱን 0 የሚያደርግ ቁጥር፣ ከእነዚህ ውጭ የለም። −1 ሲተካ −1 − 4 − 1 + 6 = 0 ይመጣል። ስለዚህ (ኤክስ + 1) ፋክተር ነው። ቀጥሎ ሲንተቲክ ዲቪዥን፣ ማለትም በኮኤፊሸንቶቹ ብቻ የሚሠራ አጭር ማካፈል፣ ይሠራል። ኮኤፊሸንቶቹ 1፣ −4፣ 1፣ 6 በአንድ ረድፍ ይጻፋሉ፤ በግራ በኩል −1 ይቀመጣል። 1 እንዳለ ይወርዳል። 1 በ−1 ተባዝቶ ከ−4 ጋር ሲደመር −5 ይሆናል። −5 በ−1 ተባዝቶ 5፣ ከ1 ጋር 6። 6 በ−1 ተባዝቶ −6፣ ከ6 ጋር 0። የቀረው 1፣ −5፣ 6 ነው፤ ይኸውም ኤክስ² − 5ኤክስ + 6፣ ማለትም (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3)። ዜሮዎቹ −1፣ 2 እና 3 ሆኑ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ አካፋዩ ኤክስ + 1 ሲሆን በግራ የሚቀመጠው −1 መሆኑን መርሳት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የጎደለውን ቦታ በዜሮ አለመሙላት። ኤክስ³ − 7ኤክስ + 6 ውስጥ ኤክስ² የለም፤ ስለዚህ ረድፉ 1፣ 0፣ −7፣ 6 መሆን አለበት። ዜሮውን የረሳ ተማሪ 1፣ −7፣ 6 ጽፎ በ1 ሲያካፍል 1፣ −6፣ 0 ያገኛል። ቀሪው ዜሮ ስለወጣ ትክክል የሠራ ይመስለዋል፤ መልሱ ግን ኤክስ − 6 ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው 1፣ 1፣ −6፣ 0 ነው፤ ይህም ኤክስ² + ኤክስ − 6 ማለት ነው። ቀሪው በሁለቱም ዜሮ የሆነበት ምክንያት፣ በ1 ሲካፈል ቀሪው የኮኤፊሸንቶቹ ድምር ስለሆነና ዜሮ ቢጨመርም ቢቀነስም ድምሩ ስለማይለወጥ ነው። በኤክስ³ የሚጀምር በኤክስ − 1 ተካፍሎ የሚወጣው በኤክስ² መጀመር እንዳለበት ማየት ብቻ ስህተቱን ያጋልጠዋል። መልስን መልሶ በማባዛት ማረጋገጥ የሚባለው ምክር የሚጠቅመው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው።

ሎጋሪዝም በአብዛኛው በአንደኛው መንፈቅ ማብቂያ ይደርሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ በጎጃም የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ቤተሰቡን ለመርዳት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ይህ ምዕራፍ ነው። ሎጋሪዝም ደግሞ ከመሐል ተነሥቶ የሚገባ አይደለም። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ መነሻ ቁጥሩ ስንት ጊዜ በራሱ ቢባዛ ይህ ይመጣል? የ8 ሎግ በ2 መነሻ 3 የሆነው ሦስት ሁለቶች ሲባዙ 8 ስለሚሆኑ ነው። ከዚህ የሚቀጥሉት ሕጎች ሁሉ የኤክስፖኔንት ሕጎች ናቸው፤ ልብስ ቀይረው ነው የመጡት። የኤክስፖኔንትን ሕግ ያላወቀ ሎጋሪዝምን በቃሉ ለመያዝ ይሞክራል፤ የድምርን ሎግ የሎጎች ድምር አድርጎ የሚጽፈውም ያኔ ነው።

የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ማንበብ ሌላው ሥራ ነው፤ እዚህ መነሻው 10 ነው። የ2.47ን ሎግ ለማግኘት በ2.4 ረድፍ እስከ 7 ዓምድ ይሄዳሉ፤ 0.3927 ይገኛል። 247 ሲሆን ነጥቡ ሁለት ቤት ስለሄደ 2.3927 ነው። 0.0247 ሲሆን ግን 0.3927 − 2 ነው፤ ሲሰላ −1.6073። በፈተና ላይ −2.3927 ብሎ የሚጽፈው ተማሪ ብዙ ነው። ማንቲሳ የሚባለው የነጥቡ ክፍል ምንጊዜም ፖዘቲቭ እንደሆነ አለመገንዘብ ነው ምክንያቱ። በእኩልታም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሎግ ኤክስ ሲደመር ሎግ (ኤክስ − 3) እኩል ይሆናል 1 ሲባል፣ ሥራው ወደ ኤክስ² − 3ኤክስ − 10 = 0 ያመራል፤ መልሶቹም 5 እና −2 ናቸው። −2 ግን የኔጋቲቭ ቁጥር ሎግ ስለሌለ ይጣላል። ይህን አንድ መስመር ያልጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል።

የምዕራፉን ጥቅም ለማሳየት የባንክ ወለድ ይበቃል። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢቀመጥና ሳይነካ ቢቆይ በ10 ዓመት 19,671 ብር ከ51 ሳንቲም ይሆናል። መቼ እጥፍ ይሆናል ሲባል የ2 ሎግ 0.3010 ለ1.07 ሎግ 0.0294 ይካፈላል፤ ከ10 ዓመት ትንሽ አለፍ ይላል።

ትሪጎኖሜትሪ ላይ ዋናው ነገር አንድ ስዕል ነው፦ ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ። 180 ዲግሪ እኩል ፓይ ራዲያን መሆኑንና ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት በየትኛው ሩብ ፖዘቲቭ እንደሚሆኑ ከስዕሉ ማንበብ የቻለ ሰንጠረዥ ማጥናት አያስፈልገውም። ክብ ላይም እንዲሁ፤ ከመሐል የሚነሣው ዘዌ ያንኑ ቅስት ከጠርዝ ከሚያየው ዘዌ እጥፍ ነው፣ ብዙው ጥያቄ ከዚህ ይመዘዛል።

በጠጣር ቅርጾች ምዕራፍ ግን ቤት ያለ ዕቃ ይረዳል። ባልዲ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ነው። የላይ ራዲየሱ 15፣ የታች ራዲየሱ 10፣ ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቁመቱ ሲሶ 8 በ(225 + 150 + 100) ተባዝቶ 3,800 ይሆናል፤ በፓይ ሲባዛ ወደ 11,938 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 12 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁለቱን ራዲየሶች አማክሎ 12.5 ብሎ እንደ ሲሊንደር የሠራ 11,781 ያገኛል። ቅርብ ቢሆንም ስህተት ነው፤ በምርጫ ፈተናም ይህ ቁጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚነካው በሰኔ ዋዜማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ያልፋል። ስሎፕ (የመስመር ማዘንበል ልክ) ላይ የሚታየው ግራ መጋባት ከመንገድ የመጣ ይመስላል። ከደጀን ወደ ዓባይ ለሚወርድ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ ለሚመለስ ያው መንገድ አቀበት ነው። የመስመር ስሎፕ ግን የተመልካቹን አቅጣጫ አይከተልም፤ ምንጊዜም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። የላዩን (የቁመቱን ልዩነት) በአንድ ቅደም ተከተል፣ የታቹን (የአግድሙን ልዩነት) በሌላ ከቀነሱ ምልክቱ ይገለበጣል። (1፣ 2) እና (4፣ 8) ሲሰጡ 8 − 2 በ4 − 1 ይካፈላል፤ መልሱ 2። 2 − 8 በ1 − 4 ቢሉትም 2 ነው። 8 − 2 በ1 − 4 ካሉት ግን −2 ይሆናል።

ከሒሳቡ ጎን የሚመጣው ሁለተኛው ፈተና ቋንቋው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ግን በአማርኛ ያብራራል። በአዊ ዞን አፉን በአዊኛ ለፈታ ተማሪ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። «ስሪ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ከአንድ ቁጥር በ3 ያነሰ ማለት ነው፤ ኤክስ − 3 ተብሎ ይጻፋል። «ስሪ ኢዝ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ግን 3 ከቁጥሩ ያንሳል ማለት ነው፤ 3 < ኤክስ። በአንዲት ቃል ሙሉው ጥያቄ ይለወጣል። በደብተር ጀርባ ሁለት ዓምድ አስምሮ ቃሉንና ምልክቱን እየጻፉ መሄድ ከማንኛውም አጋዥ መጽሐፍ ይበልጥ ይረዳል።

ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ሌላም ችግር አለ። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት የሄደ እሑድ ማታ ደክሞ ነው የሚመለሰው፤ የዓርብ የቤት ሥራ ሰኞ ጠዋት በችኮላ ይገለበጣል። በአንድ ቤት የተከራዩ ሦስት ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ ቢካፈሉ፣ አንዱ እያነበበ ሁለቱ እንዲሠሩ ማድረግ በተራ ከመጠበቅ ይሻላል። ስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ለማንበብ እንጂ ለመሥራት አይመችም፤ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ገልብጦ ስልኩን ማጥፋት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ፣ ወደ 10ኛ ክፍል የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ተከታታይ ትምህርት አግኝቷል ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለው ተማሪ ምዕራፍ 1ን ከመጀመሩ በፊት ሊሞክራቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። 5 − (ኤክስ − 2)ን ቅንፍ ይፍታ፤ መልሱ 7 − ኤክስ እንጂ 3 − ኤክስ አይደለም። −3²ን እና (−3)²ን ይለይ፤ አንደኛው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው። (3 + 4)² 49 እንጂ 25 እንዳልሆነ አይቶ፣ (ኤክስ + 4)²ን በትክክል ያባዛ፤ መሐል ላይ 8ኤክስ አለ። በመጨረሻም 2/3 + 1/4ን ይደምር፤ 11/12 ነው፣ 3/7 አይደለም። ከአራቱ በአንዱ የተሳሳተ ወደ 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመልሶ ያንን ርዕስ ብቻ ይሥራ። በቀን አንድ ሰዓት ከተያዘለት ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ፖሊኖሚያል ከመጀመሩ በፊት ቢጠናቀቅ ደግሞ ከክፍሉ ጋር እኩል ይሄዳል።