ጄሪማንደሪንግ ምንድን ነው? ገዥው ተሸንፎ ፓርቲው ያሸነፈበት ምርጫ

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አንድ የአሜሪካ ግዛት የገዥ ምርጫ ሲያብራራ «ወንበሩ የተወሰደው በጄሪማንደሪንግ ነው» ሲል ተደመጠ። የገዥ ምርጫ በጄሪማንደሪንግ አይወሰድም፤ ሊወሰድም አይችልም። ቃሉ አሁን አሁን ኮሮጆ መገልበጥንም፣ መራጭን ከመዝገብ መሰረዝንም፣ ድምፅ መግዛትንም በጅምላ መጥሪያ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ከባድ ጥፋቶች ናቸው፤ የየራሳቸው ስምና የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ጄሪማንደሪንግ ግን አንድ ወገን ብዙ ወንበር እንዲያገኝ የምርጫ ክልሎችን ወሰን አስልቶ መሳል ነው፤ አንድም ድምፅ ሳይሰረቅ፣ ቆጠራውም ሳይዛባ ይሠራል። በየጣቢያው መቶ ታዛቢ ቢቆም አያስቆመውም፤ ሥራው ያለቀው ከምርጫው ቀን ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ካርታ ላይ ነውና።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ስሙን የሰጠው ሰው ራሱ ነው። ኤልብሪጅ ጌሪ (ዛሬ «ጄሪ» ቢባልም ሰውየው ጌሪ ነበር) በ1744 በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ፣ በማርብልሄድ ከተማ ተወለደ፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰቡ በደረቀ ዓሣ ንግድ የከበረ ነበር። ከሃርቫርድ ተመርቆ በ1772 የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1776 የነጻነት አዋጁን ፈረመ። በ1787ቱ የፊላደልፊያ ጉባኤ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሕገ መንግሥቱን አንፈርምም ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ሰነዱ የዜጎችን መብቶች ዝርዝር አለመያዙ ከቅሬታዎቹ አንዱ ነው። ለገዥነት ደጋግሞ ተወዳድሮ ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ በ1810 ተሳካለት፣ በ1811ም ደገመው። በዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ገዥ የሚመረጠው በየዓመቱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የጌሪ ፓርቲ፣ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊካኑ፣ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዘ። የግዛቱን ሴኔት የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ የሚከልል ሕግ አውጥቶ ላከለት፤ ጌሪም በየካቲት 11 ቀን 1812 ፈረመ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አማቹ ጌሪ ሕጉን አልወደደውም ይላል። ይሁን እንጂ ሕጉን ሳይፈርም የመመለስ ሥልጣን ነበረው፤ አልተጠቀመበትም። ስለዚህ ስሙ በቃሉ ላይ መቅረቱ ያለ አግባብ ነው ለማለት ይከብዳል።

አዲሱ መስመር የኤሴክስን አውራጃ ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ክልል ከማርብልሄድና ከሳሌም ተነሥቶ፣ በአንዶቨር በኩል ዞሮ፣ እንደ ማጭድ ታጥፎ ሳልስበሪ ላይ ያበቃል። በመጋቢት 26 ቀን ቦስተን ጋዜት የተባለው የተቃዋሚው ፓርቲ፣ የፌደራሊስቶች፣ ጋዜጣ በዚያ ቅርጽ ላይ ክንፍ፣ ጥፍርና የአውሬ ራስ ጨምሮ አተመው፤ ሳላማንደር ከተባለው እንሽላሊት መሰል ፍጥረትና ከጌሪ ስምም ቃሉ ተገጣጠመ።

በሚያዝያ ምርጫው ተካሄደ። ለሴኔቱ ፌደራሊስቶች 51,766 ድምፅ አግኝተው 11 ወንበር ብቻ ወሰዱ፤ የጌሪ ፓርቲ 50,164 አግኝቶ 29 ወንበር ወሰደ። ጌሪ ግን በዚያው ምርጫ በጠባብ ልዩነት በፌደራሊስቱ ኬሌብ ስትሮንግ ተሸንፎ ከገዥነቱ ወረደ። የተወካዮች ምክር ቤቱንም ፌደራሊስቶች ያዙት፤ አባላቱ የሚመረጡት በየከተማው ስለነበረና የከተሞቹን ወሰን ማንም ስላልነካው። በአንድ ጸደይ፣ በአንድ ሕዝብ፣ ሦስት ውጤት። የሕዝቡ ልብ ለገዥውና ለሴኔቱ የተለያየ አልነበረም፤ የተለየው መስመር ያለበትና የሌለበት ምርጫ ነው።

ስሌቱን በእድር እንየው። 50 አባወራ ያለው እድር ውስጥ 30ው «አዲስ ድንኳን ይገዛ» ይላል፣ 20ው «ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ» ይላል። እድሩ አሥር አሥር አባወራ ባላቸው 5 ምድቦች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ምድብ በድምፅ ብልጫ አንድ ሰው ወደ ኮሚቴው ይልካል። ምድቡን የሚያዋቅረው ጸሐፊ ከ20ዎቹ ወገን ነው እንበል። በሦስት ምድቦች ውስጥ የራሱን ወገን ስድስት ስድስት አድርጎ፣ ከድንኳን ፈላጊዎቹ አራት አራት ብቻ ይጨምርበታል። የቀሩትን 18 ድንኳን ፈላጊዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ በሁለት ምድብ ያጭቃቸዋል፤ ከራሱ ወገን የተረፉትን ሁለቱን አንድ አንድ አድርጎ እዚያ ይተዋቸዋል። ኮሚቴው 3 ለ2 ይሆናል፣ ድንኳኑም ይቀራል። ሥራው ሁለት ብቻ ነው፤ 12ቱን መበተን፣ 18ቱን ማጨቅ። ሁሉም ድምፁን ሰጥቷል፣ ሁሉም በትክክል ተቆጥሯል።

ጸሐፊው ከ30ዎቹ ወገን ቢሆን ደግሞ አምስቱንም ምድብ 6 ለ4 አድርጎ ኮሚቴውን 5 ለ0 ይጠቀልላል። ይህም ያው ጄሪማንደሪንግ ነው፤ ብዙኃኑም ያደርገዋል። የእድሩ ሊቀመንበር የሚመረጠው ግን ሃምሳውም አንድ ላይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ከሆነ፣ ጸሐፊው ምድቡን እንዳሻው ቢያዋቅር ውጤቱ 30 ለ20 ነው። የጌሪ ሚያዝያ ይህ ነበር። ሌላም አለ፦ 6 ለ4 የተቃኘ ምድብ ውስጥ ሁለት አባወራ ሐሳብ ከቀየሩ ምድቡ ይገለበጣል። ስስታም ካርታ ሠሪ ብዙ ወንበር ለማግኘት ብልጫውን ባሳሳ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በማሳቹሴትስ በማግሥቱ ዓመት ፌደራሊስቶች ሴኔቱን ማርከው ክልሉን ሽረውታል፤ እርግጥ በ1812 ከብሪታንያ ጋር የተጀመረው ጦርነት በግዛቱ መጠላቱ ብዙ ረድቷቸዋል። ምሳሌው የሚጎድለው አንድ ቦታ ነው፤ በእድሩ የሚዛወሩት ሰዎች ናቸው፣ በካርታው ግን ሰዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው የሚንቀሳቀሰው መስመሩ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የገዥ ምርጫ በግዛቱ በሙሉ ስለሚቆጠር አይከለልም። የአሜሪካ ሴናተሮችም ከ1913 ወዲህ እንደዚያው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የሚመርጧቸው የግዛት ምክር ቤቶች ስለነበሩ ግን የክልል መስመር በተዘዋዋሪ ይደርስባቸው ነበር። ለፕሬዚዳንትነት ሜይንና ነብራስካ ብቻ ከፊል ድምፃቸውን በምርጫ ክልል ስለሚሰጡ ቀዳዳ አላቸው። እስራኤል ውስጥ 120ዎቹ የፓርላማው (የክኔሴት) ወንበሮች አገሩን እንደ አንድ ክልል ቆጥረው ስለሚከፋፈሉ የሚታጠፍ መስመር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ ስለሚመረጡ የእድሩ ስሌት በቀጥታ ይመለከተናል።

ሁለተኛው ስሕተት ቅርጽ ነው። ካርቱኑ ስለጣፈጠ ሰው ሁሉ እንሽላሊት ፍለጋ ይሄዳል። በኢሊኖይ 4ኛው ክልል ለዓመታት የጆሮ ማሞቂያ መስሎ ይታይ የነበረው በቺካጎ ተራርቀው የሚኖሩ ሁለት የላቲኖ ሰፈሮች የመረጡትን ተወካይ እንዲያገኙ ታስቦ ስለተሳለ ነው። ወንዝና የባሕር ዳርቻም መስመርን ያጣምማሉ። በተቃራኒው ዛሬ በኮምፒዩተር ካሬ የመሰለ፣ ለዓይን የሚያምር፣ ግን በጭካኔ የተቀመረ ክልል መሥራት ይቻላል።

ሦስተኛው የሕዝብ ቁጥር አለመመጣጠን ነው። አላባማ ከ1901 ጀምሮ ለ60 ዓመታት ክልሎቿን ሳትነካ ቆይታ፣ የአንድ ገጠሬ ድምፅ የብዙ ከተሜዎችን ያህል ይመዝን ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 አስቆመው። ይህ ሌላ በሽታ ነው። ጄሪማንደሪንግ ሕዝቡ እስከ አንድ ሰው ድረስ እኩል ቢከፋፈልም ይሠራል። እዚህ ላይ በ1812ቱ ቁጥሮች ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፦ የማሳቹሴትስ ሴኔት ወንበሮች የሚደለደሉት በሕዝብ ብዛት ሳይሆን ክልሉ በሚከፍለው ግብር ልክ ነበር። ስለዚህ ከ29 ለ11 ውስጥ የመስመሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ በዛሬ መለኪያ አጥርቶ መናገር አይቻልም።

ዛሬ ያው ማሳቹሴትስ ለኮንግረስ 9 ወንበር አላት፤ ሪፐብሊካኖች በፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ ሦስተኛ ገደማ ድምፅ ቢያገኙም ከ1997 ወዲህ አንድም የላቸውም። ይህም በየጊዜው «ጄሪማንደሪንግ» እየተባለ ይጠቀሳል። የሒሳብ ሊቃውንት ሲፈትሹት ግን የሪፐብሊካን መራጮች በግዛቱ ሁሉ እኩል ተበትነው ስለሚኖሩ፣ በአንዳንድ ምርጫዎች ድምፅ መስመሩን በየትኛውም መንገድ ቢስሉት አንድ የሪፐብሊካን ክልል ማውጣት እንደማይቻል አገኙ። የበተናቸው ካርታ ሠሪ ሳይሆን አሰፋፈራቸው ነው።

ስለዚህ ቃሉን ከመጠቀም በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ምርጫው በክልል የተከፈለ ነው ወይ? መስመሩን የሳለው ማን ነው፣ ምክር ቤቱ ወይስ እንደ ሚሺጋን ገለልተኛ ኮሚሽን? ከዚያ የባከነ ድምፅ ይቆጠራል፤ ወገኑ በተሸነፈበት ክልል ያገኘው ድምፅ ሁሉ፣ ባሸነፈበትም ከማሸነፊያው በላይ የተረፈው። በእድራችን ድንኳን ፈላጊዎቹ 12 እና 6፣ በድምሩ 18 አባክነዋል፤ ሌሎቹ 2 ብቻ። ልዩነቱ 16 ለ50 ሲካፈል 32 በመቶ ነው፤ መለኪያውን ያቀረቡት ምሁራን ለግዛት ምክር ቤቶች አጠያያቂ ያሉት ከ8 በመቶ ጀምሮ ነው። ይህም የአንድ ምርጫ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ወገን በአንድ ዓመት በሁሉም ቦታ ከተጠራረገ መለኪያው ያለ ጥፋት ይጮኻል። ቢያንስ የሁለት ሦስት ምርጫ ውጤት በዚያው ካርታ ላይ ማየት፣ ካርታውንም ያለ ፓርቲ መረጃ በኮምፒዩተር ከተሳሉ ብዙ ሺህ ካርታዎች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለፓርቲ ጥቅም የተሳለ ካርታን የፌደራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙ እንደማይችሉ ስለወሰነ፣ እንዲህ ያለው ማስረጃ አሁን የሚቀርበው በግዛት ሕገ መንግሥቶች መሠረት ለግዛት ፍርድ ቤቶች ነው።