ቦነስን «30 ጊዜ ማዞር» ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነው። አንዱ የሰፈራችን ልጅ ባጃጁን አቁሞ መጣና ስልኩን አስጠጋልኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። የኦንላይን ካሲኖዎቹ ብሬን አንሰጥም አሉኝ።»

ስልኩ 2,140 ብር ይላል። ከሥሩ በቀይ «የቦነስ ግዴታዎ አልተሟላም። ቀሪ 11,400 ብር» የሚል ተጽፏል። ልጁ 11,400 ብር ዕዳ ያለበት መስሎት ደንግጧል። ዕዳስ አይደለም። ግን ከዕዳ ብዙም አይሻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 500 ብር አስገባ። ካሲኖው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ሌላ 500 ጨመረለት። ሰው በማያነበው ደንብ ውስጥ ደግሞ «30 እጥፍ» የምትል ነገር አለች። ከቦነሱ የተገኘ ብር ለማውጣት መጀመሪያ የቦነሱን 30 እጥፍ፣ ማለትም 15,000 ብር፣ አስይዘህ መጫወት አለብህ ማለት ነው። ካሲኖዎቹ ዌጀሪንግ ወይም ሮልኦቨር ይሉታል። እኔ ማዞር ልበለው።

15,000 ብር ከኪስህ አውጣ አላሉህም። ያንኑ ብር ደጋግመህ አስይዝ ነው ያሉህ። 10 ብር አስይዘህ 10 ብር ቢመለስልህና እሱኑ ደግመህ ብታስይዝ 20 ብር ተብሎ ይቆጠራል።

«ታዲያ ምን አለበት? ቦነሱ እንደሆነ የነሱ ብር ነው» አለኝ ልጁ።

መልሱን ያገኘሁት ከቡና አፍይዋ ነው፤ እሷ እንኳ አላወቀችም። አቦሉን ቀድታ ጨረሰች። ጀበናው ላይ ውሃ ጨመረችና ቶናውን ጣደች። ቀጥሎ በረካ ይመጣል። ቡናው ያው ነው፣ አንድ ፍሬ አልተጨመረበትም። በየዙሩ ግን ይቀጥናል። ሠላሳኛውን ጀበና አስቡት።

ካሲኖ ላይ የሚያቀጥነው የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው፣ ድርሻ ነው። ብዙ ስሎቶች (ሥዕል እየተሽከረከረ የሚወጣባቸው የቁማር ጨዋታዎች) ከተያዘ 100 ብር ውስጥ በረጅም ጊዜ ከ94 እስከ 97 ብር እንዲመልሱ ተደርገው ይሠራሉ። 96ቱን የሚመልሰውን እንውሰድ። 4 ብር ለቤቱ ቀረ። ትንሽ ናት። 15,000 ብር ላይ ግን 600 ብር ትሆናለች። በራሱ 500 እና በቦነሱ 500 የጀመረ ሰው ማዞሩን ሲጨርስ በአማካይ 400 ብር ይቀረዋል ማለት ነው። ከራሱ ብር እንኳ አንሷል! አንዳንዱ በርግጥ አሸንፎ ይወጣል። ብዙው ግን ሳይጨርስ መንገድ ላይ ባዶ ይሆናል። አንዳንድ ቤት ደግሞ 30ውን የሚያባዛው በቦነሱ ብቻ ሳይሆን ባስገባኸውም ብር ላይ ነው። ያኔ 30,000 ሆነ።

በሩሌት (በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳሷ የምታርፍበትን ቁጥር በመገመት) ላዙረው የሚል አይጠፋም። በአውሮፓው ሩሌት የቤቱ ድርሻ 2.7% ብቻ ስለሆነ ብልጠት ይመስላል። ደንብ አውጪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሩሌት ላይ ካስያዝከው 10% ብቻ እንቆጥራለን ይሉሃል። አንዳንዱ ጭራሽ አይቆጥርም። በ10% ከሄድክ 15,000ውን ለመሙላት 150,000 ብር ማስያዝ አለብህ። 2.7% ሲሰላ 4,050 ብር። ለ500 ብር ቦነስ!

የኳስ ቤቲንግም ያው ነው፣ ልብሱ ነው የተለየው። ቦነሱን ቢያንስ 4 ጨዋታ ባለው ትኬት ቁረጥበት ይሉሃል። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ (ስታሸንፍ ብርህ በስንት እንደሚባዛ የሚናገር ቁጥር) ላይ 5% ቢያነሳ፣ 4 ሲደራረብ ከትኬቱ 18.5% ገደማ ይሄዳል።

የበለጠ የሚያናድደኝ አያያዛቸው ነው። ብር ስታስገባ ብዙ ጊዜ ማንም ማንነትህን አይጠይቅም፤ በሰከንድ ይገባል። ስታወጣ መታወቂያ፣ ከዚያ የመታወቂያው ጀርባ፣ ከዚያ ፎቶህ። ማንነት ማጣራቱ ጥፋት የለውም፣ ሕግም ያስገድዳል። ግን ለምን ሲገባ አልተጠየቀም? እስኪጣራ ብሩ «በሂደት ላይ» ተብሎ ይቀመጣል። አጠገቡ «ሰርዝና ተጫወት» የሚል ቁልፍ አለ። ሰው ሲሰለቸው ይነካታል። እንግሊዝ ይህችን ቁልፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ከለከለች። የማዞሩም ነገር ከ10 እጥፍ እንዳይበልጥ በ2025 ውሳኔ አስተላልፋለች። ለነሱም 30 እና 40 በዝቶባቸው ነው።

ሌላም አለ። በቦነስ ስትጫወት በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ብር በላይ ማስያዝ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አይከለክልህም። ዝም ብሎ ያጫውትሃል። ካሸነፍክ ግን ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ትርፉ ይሰረዛል። ለዚህ የሚደርስህ መልእክት «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል።

«እሺ ጋሼ፣ ቦነሱን ልሰርዘውና የራሴን 500 ላውጣ?»

ደንቡን አብረን አነበብን። መጀመሪያ የሚበላው የራስ ብር ነው ይላል፤ ቦነሱ የሚነካው እሱ ሲያልቅ ነው። የልጁ 500 ገና ሐሙስ ማታ አልቋል። አሁን ያለው 2,140 በሙሉ የቦነስ ትርፍ ነው፤ ቦነሱን ከሰረዘ አብሮ ይጠፋል። መላው የነበረው መጀመሪያ ላይ ነው። ብዙ ቤቶች ብር ስታስገባ «ቦነስ አልፈልግም» የምትል ትንሽ ሳጥን አላቸው። እሷን የነካ ሰው ካሸነፈ ይህ ሁሉ ማዞር የለበትም።

ልጁ አውራ ጣቱን ቦነሱን የሚሰርዘው ቁልፍ ላይ አድርጎ ቆየ። ቡና አፍይዋ በረካውን እየቀዳች «ልጄ፣ ይቀዝቅዝብህ እንዴ?» አለችው። ይሄኔ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሮጠ።

ማታ አገኘሁት። 212 ብር ቀርቶታል። ማዞሩ ደግሞ 6,000።